ከጠረጴዛው ሥር የገባሁበት ቅዳሜ

ላውቶካ፣ ማርች 6 ቀን 1984

ለታላቅ ወንድሜ ለአሚኒያሲ፤ ካሉበት እጅ እነሣለሁ።

እንዴት ሰነበቱ ጋሼ? እኔ ወገቤን ካላነሣን ደህና ነኝ። ሚስትዎ ላይሳኒ ከባሕር ለቅማ ለገበያ በምትልክልኝ የናማ ቅጠል ጆንያ አፍ ሸጉጠው የላኩት ወረቀት ደርሶኛል። የባሕር ውሃ ነክቶት ግማሹ ቀለም ፈሷል፤ ጥያቄዎ ግን ይነበባል። አዎ፣ እኔው ነኝ። እኔን የምትመስል ሌላ ሴት አልነበረችም። ቅዳሜ ዕለት በዓሣ ሻጮቹ በኩል ብቅ ሲሉ ከጠረጴዛዬ ሥር የገባሁት እኔ ነኝ።

በሃምሳ ሰባት ዓመቴ፣ በዚህ ጉልበቴ፣ በጎደሬው ጆንያና በሱክዋቲ የቃሪያ ቅርጫት መሀል ተወሸቅሁ። ሱክዋቲ ከጎኔ ቃሪያና ሎሚ የምትሸጠው ህንዳዊት ናት። ምን ሆነሽ ነው፣ ፖሊስ መጣብሽ እንዴ አለችኝ። ወንድሜ ነው አልኳት። እሷ አገር ወንድም ሲመጣ ጣፋጭ ይሠራለታል አሉ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች።

ወጉን ለእርስዎ አላስረዳም። ሰባት ዓመት ሲሞላኝ እናታችን ጠርታ፣ አሁን አድገሻል፣ ከእንግዲህ ከወንድምሽ ጋር ፊት ለፊት አትነጋገሪም ብላኛለች። እርስዎንም እንደዚያው። አንድ ጣራ ሥር አድገን፣ አንድ ድስት በልተን፣ ጨው አቀብለኝ ለማለት እንኳ ለእሷ እነግራት ነበር፤ እሷ ለእርስዎ ትነግራለች። ሃምሳ ዓመት ሙሉ አንድ ቃል አልተለዋወጥንም። ስለዚህ መልሴ ይኸው ነው፤ የተደበቅሁት ለክብርዎ ነው። ሌላ ነገር የለበትም።

ግን እኔም ልጠይቅ። ሱክዋቲ የነገረችኝን ነው የምጽፍልዎ፤ እኔ ያየሁት የሰው እግር ብቻ ነው። ጠረጴዛዬ ፊት ቆመው ናማውን ሲያዩ ቆዩ አለችኝ። ገበያውን አንድ ጊዜ ዞሩት፤ ምንም አልገዙም። ከዚያ ወደ ባሕሩ ወርደው ግንቡ ላይ፣ ከዛፉ ጥላ ሥር፣ ጀልባው እስኪነሣ ተቀመጡ። ያነክሳሉም አለች። እግርዎ ምን ሆኖ ነው? በጋዜጣ ጠቅልለው ጉልበትዎ ላይ ያስቀመጡትስ ምንድን ነው? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ሳይጽፉልኝ፣ ሚስትዎንም ሳያስከትሉ፣ ምን ሊያደርጉ መጡ?

ላይሳኒን ናማው ጥሩ ነበር በሉልኝ፤ ሥሩን ድንጋዩ ላይ ትታ ነው የቆረጠችው። እንግዲህ አንድ ነገር ታውቃለች ማለት ነው። በሰባት ዓመት ጆንያዋን እንጂ መልኳን አላየሁም፤ ምላሷ ግን በየሳምንቱ ይደርሰኛል።

እህትዎ ቶሪካ


ናሎቫ፣ ያሳዋ፣ ማርች 9 ቀን 1984

ለተከበሩ እህቴ ለቶሪካ፤

የጌታ ሰላም ከእርስዎ ጋር ይሁን። እኛ ሁላችን ደህና ነን። ሳላስታውቅ በመምጣቴና ከጠረጴዛ ሥር እንዲገቡ ምክንያት በመሆኔ ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ወገብዎን እንደሚያምዎ አላወቅሁም ነበር።

ለጥያቄዎ፤ እግሬ ምንም አልሆነ። አዲስ ጫማ ነው፤ ጠበበኝ። በጋዜጣ የጠቀለልኩት ደረቅ ዓሣ ነው። የመጣሁትም ለምንም አይደለም። ቅዳሜ ነው፣ ገበያውንና ባሕሩን አይቼ ልመለስ ብዬ ነው። ሰው እንዲህ ያደርጋል ይባላል። ከእኛ ጀልባ የወረዱት ወጣቶች ሁሉ የመጡት ለሽርሽር ነበር።

ባሕሩ ዳር ጥሩ ነው። ስኳር ፋብሪካው ገና ሥራ ስላልጀመረ ጭሱ የለም፤ ደሴቶቻችንን ማየት ይቻላል። አንድ ሰው ኦቾሎኒ አምጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለና ስለ ልጆቹ ነገረኝ። እኔም ሰማሁት። ሰዓቱ አልሄድ ብሎኝ ነበር።

ናማውን ቅጠል ላይ የሚደረድሩት እናታችን ትደረድር በነበረችበት ዓይነት ነው። ያንን አየሁ። ለክብር ነው ስላሉኝም አምኜዎታለሁ።

ወንድምዎ አሚኒያሲ

ቶሪካ፣ እኔ ላይሳኒ ነኝ። ጆንያውን ልሰፋ ስል አነበብኩት፤ ያልታሸገ ወረቀት ለሁሉም ነው። ባሌን አትመኚው። ዓሣ የሚባል ነገር የለም። የአባታችሁ የዓሣ ነባሪ ጥርስ ነው፤ ይቅርታ ሊጠይቅሽ ይዞት መጥቶ ይዞት ተመለሰ። ስለ እናታችሁ ቀብር መሆኑን አንቺም ታውቂያለሽ። ጫማም አይደለም። ስኳር በሽታው ነው። ሁለት ጣቶቹ ጠቁረዋል። ሐኪሙ ከጉልበት በታች ይቆረጥ፣ አፕሪል ዘጠኝ ሰኞ ሆስፒታል ይግባ፣ ከዚያ ካለፈ ለሕይወቱም ዋስ አልሆንም ብሏል። ይሄ ግትር ደግሞ ጥርሱን ለእህቴ ሳላቀርብና ሳትቀበለኝ ቢላ አይነካኝም ብሎ ምንጣፉ ላይ ተቀምጧል። ለምኜዋለሁ፣ ሰድቤዋለሁ፣ ሰባኪውንም ጠርቼበታለሁ። አሁን ነገሩ አንቺ እጅ ነው። ምላሴ ደህና ነው፤ ስንገናኝ ታገኚዋለሽ።


ላውቶካ፣ ማርች 13 ቀን 1984

ጋሼ፤

ሰላምታዬን ዛሬ አሳጥሬዋለሁ፣ አይቀየሙኝ። ላይሳኒ ከታች የጻፈችውን አንብቤያለሁ። እሷን እንዳይቆጧት። ከሁለት አንዳችሁ እውነት መናገር ነበረበት።

እግርዎን ስሰማ ደነገጥኩ። ደንግጬ ሳልጨርስ ደግሞ ተናደድኩ። ይህ እኮ ልመና አይደለም ጋሼ፤ ማስፈራሪያ ነው። እኔ እሺ ካላልኩ ሊሞቱ ነው? ከዚያ አገሩ ሁሉ ወንድሟን የገደለች ሊለኝ ነው? ጥርሱን ቤትዎ ይስቀሉት። እግርዎን ለሐኪሙ ይስጡት። አንዱን ከሌላው ጋር አያያይዙብኝ።

ደክሞኛል። ባሌ ከሞተ ወዲህ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ያችን ጠረጴዛ ስጠብቅ ነው የምውለው፤ አንድ ቅዳሜ ባዶ ካደረች ሌላ ሰው ይይዛታል። ዘጠኝ ዓመት ባሕሩን ከሩቅ ነው የማየው። እሁድ ቤተ ክርስቲያን እንቅልፍ ይወስደኛል። እንዲህ ላለች ሴት ደግሞ የሰው እግር ያሸክሟታል።

ለእናታችን ቀብር ስመጣ ምን እንዳየሁ ጠይቀውኝ አያውቁም። የጀልባው ሞተር መንገድ ላይ ተበላሽቶብን አደርን። በማግስቱ እኩለ ቀን ደረስን። ከጀልባው ላይ ሆኜ መቃብሩን አየሁት፤ አሸዋው ተከምሮ፣ ነጭ ድንጋይ ተደርድሮበት፣ ጨርቁ ዙሪያውን ታስሮ። ሴቶቹ ባሕር ዳር ሳህን ያጥቡ ነበር። የልቅሶውን ሳህን! አልወረድኩም። የጀልባውን ሰውዬ መልሰኝ አልኩት። እግሬ ናሎቫን ከረገጠ ይኸው ስንት ጊዜው።

በኋላ ሰዎቹ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ሙቀት ነው፣ አስከሬኑ አይቆይም ነበር አሉኝ። ጁላይ እኮ ነው ጋሼ። ጁላይ ብርድ ልብስ ለብሰን የምናድርበት ወር ነው። ሬሳ ሁለት ቀን ሲቆይ አይተን አናውቅም?

ጥርስ አልፈልግም። ይቅርታ ከፈለጉ አንድ ነገር ይመልሱልኝ። አንድ ሌሊት ለምን አልጠበቁኝም?

ቶሪካ


ናሎቫ፣ ማርች 23 ቀን 1984

እህቴ፤

መልሴ ስለዘገየ ይቅር ይበሉኝ። ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለቱንም ቀደድኩ። የሁለተኛውን ቁርጥራጭ ላይሳኒ ገጣጥማ አነበበችና ይሄም ውሸት ነው አለችኝ። ትክክል ናት።

እንዳሉት ነው፤ ሙቀት አልነበረም። ሽማግሌዎቹም አልቸኮሉም። ልጅቷ ጀልባ ላይ ናት፣ እስከ ነገ ይቆይ ነው ያሉት። ዛሬ ይቀበር ያልኩት እኔ ነኝ። የበኩር ልጅ በመሆኔ ማንም አልተከራከረኝም። ሙቀት ነው የሚለው ወሬ ሲወጣም ሰምቼ ዝም አልኩ።

ለምን ላሉኝ፣ እንደነበረው እጽፋለሁ። ሬሳው አጠገብ ተቀምጬ በሩን በሩን ሳይ የማስበው ስለ እናታችን አልነበረም። ስለ እርስዎ ነበር። ነገ ትመጣለች፣ በዚያ በኩል ትቀመጣለች፣ እኔ በዚህ በኩል ነኝ፤ ታለቅሳለች፤ ምን እላታለሁ? በማን በኩል? ቃላችንን ስታመላልስልን የኖረችው እናታችን ናት፤ እሷ መሀላችን ተኝታለች። የመጀመሪያዋ ሚስቴ ሞታለች፣ ላይሳኒ ገና አልመጣችም። ሰው ሁሉ እያየኝ የገዛ እህቴን አይዞሽ ማለት የማልችል ሰው ሆኜ መቀመጥን ፈራሁ። ሲደርሱ ሁሉም ነገር አልቆ ቢያገኙት ለሁለታችንም ይቀላል ብዬ አሰብኩ። በእውነት ይቀላል ብዬ ነው። ወጉ እንዲህ አድርግ አላለኝም። ፍርሃቴ ነው ያስደረገኝ።

ጀልባዋ ስትዞር ውሃው ዳር ቆሜ ነበር። ስምዎን ብጠራ ይሰሙኝ ነበር፤ ከመቶ እርምጃ አይበልጥም። አልጠራሁም።

እግሬን በሚመለከት ማስፈራሪያ ነው ብለውኛል። ሊሆን ይችላል፣ አላሰብኩበትም ነበር። እኔ የማስበው ሰው እንዲህ ያለ ነገር ተሸክሞ ሐኪም ፊት አይተኛም ብዬ ነው። አስተኝተውኝ ባልነቃስ? ይህንንም አስበዋለሁ። እርስዎ ግን ምንም አላጠፉም። ባይቀበሉኝም አልቀየምዎትም፤ ለዚህ ላይሳኒም ምስክር ናት።

አሚኒያሲ

እኔ ምስክር አይደለሁም። ይቀየማል። ጣቱ ሦስተኛውም ጠቁሯል። — ላይሳኒ


ላውቶካ፣ ማርች 27 ቀን 1984

ጋሼ፤

ደብዳቤዎን ገበያ መሀል አነበብኩት። ሰው ናማ ስጪኝ ሲለኝ አልሰማሁም፤ ሱክዋቲ ናት የሸጠችልኝ። ተናደዱ ወይ ቢሉኝ፣ አዎ፣ ሦስት ቀን ተናድጄ ከረምኩ። በጆሮዬ ሙቀት ሙቀት ሲሉኝ አንድ ቀን እንባ ወጥቶኝ አያውቅም ነበር። አሁን ግን ሽንኩርት የምትልጥ ሴት አጠገብ ሄጄ ቆሜ ተንሰቀሰቅሁ። ማንም ምን ሆንሽ አላለኝም።

እኔም አንድ ውሸት አለብኝ። ለክብርዎ ነው የተደበቅሁት ብዬዎት ነበር። ለክብር ቢሆን ዞር ማለት ይበቃ ነበር፤ ጀርባዬን ሰጥቼ ጎደሬዬን መደርደር እችል ነበር። ከጠረጴዛው ሥር የገባሁት ጥርሱን ስላየሁ ነው። ጋዜጣ ቢለብስም ገመዱ ተንጠልጥሎ ነበር፤ የአባታችንን ጥርስ ገመድ እኔ አላውቀውም? ምንድን ነው ብዬ የጠየቅሁዎትም እያወቅሁ ነው። ይቅርታ ሊጠይቀኝ ነው አልኩ። ካቀረበልኝ ደግሞ እምቢ ማለት አልችልም። ዘጠኝ ዓመት ይዤው የኖርኩትን ነገር በአንድ ጠዋት፣ ሰው አናናስ በሚገዛበት መሀል፣ አስረክቢ ልባል ነው። አልፈለግሁም። ወጉ ጥሩ መደበቂያ ሆነኝ። ከታች ተቀምጬ እግርዎን አይቻለሁ፤ ጫማ አላደረጉም ነበር። በጨርቅ ታስሮ ነበር። ይህንንም እያወቅሁ ነው የጠየቅሁዎ።

እንግዲህ እንዲህ እናድርግ። አፕሪል 7 ቅዳሜ ይምጡ። ላይሳኒ ትምጣ፣ ያለ አፍ አንገናኝም። ጠረጴዛዬን ለሱክዋቲ አደራ እሰጣለሁ። መጀመሪያ ገበያውን እንዞራለን፣ ለሆስፒታል የሚሆንዎትን እገዛልዎታለሁ። ከዚያ ባሕሩ ዳር እንወርዳለን። ለሽርሽር ነው የመጣሁት ብለውኝ የለ? ሽርሽር ይሁን።

እቀበላለሁ አላልኩም። ይምጡ ነው ያልኩት። ለሐኪሙ ግን ሰኞ እገባለሁ ብለው ይላኩለት፤ ያን ካላደረጉ ከጠረጴዛዬ አልነሣም።

ቶሪካ


ላውቶካ፣ ከሆስፒታሉ፣ አፕሪል 12 ቀን 1984

እህቴ፤

ተርፌያለሁ። ነርሷ ደብዳቤ ለመጻፍ ገና ነው ብላኝ ነበር፤ ግን ላይሳኒ ጥያቄዎን ነግራኝ መልስ ይጠበቅብኛል። እግሬ የለም። የሌለው ጣቴ ያሳክከኛል፤ ሌላው ደህና ነው።

የጠየቁኝ ቅዳሜ ዕለት ዝም ማለትዎ አሳዝኖኝ እንደሆን ነው። አላሳዘነኝም።

በእርግጥ ሳቄ መጥቶብኝ ነበር። ከፊት እርስዎ፣ ከኋላ እኔ በምርኩዝ፣ ላይሳኒ መሀል። እርስዎ ሁለት ክንድ ርቀው ቆመው ለእሷ "አናናስ ይበላ እንደሆን ጠይቂልኝ" ይላሉ፤ እሷ ዞራ "አናናስ ትበላለህ ወይ ትላለች" ትለኛለች። አናናስ ሻጩ አንድ ጊዜ እኔን አንድ ጊዜ እርስዎን እያየ፣ ሰውዬው አይሰሙም እንዴ አለ። እናንተ ሁለታችሁ ደግሞ ገና በመጀመሪያው ሰላምታ ስትሰዳደቡ ሰው ቆሞ ያያችሁ ነበር። እኔ እናንተን ለመስማት ወደ ኋላ ቀረሁ እንጂ እግሬ ብቻ አልነበረም ያስቀረኝ። ሱክዋቲ ሎሚ ሰጠችኝ። ገበያ እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ባለፈው ስዞረው አንድም ነገር አላየሁም።

ግንቡ ላይ ስንቀመጥ ላይሳኒ ጉሮሮዬ ደረቀ ብላ ሄደች። አውቃ መሆኑን ገብቶኛል። ሁለታችን ጀርባ ለጀርባ ቀረን። ዘጠኝ ዓመት ያዘጋጀሁት ቃል ነበረኝ። በሌላ ሰው አፍ እንዲባል ነበር ያዘጋጀሁት፤ የሚለው ሰው ሲጠፋ እኔ ጋ አልተገኘም። ውሃው ግንቡ ሥር ደረሰ። ላይሳኒም አትመጣም። ጥርሱን ፈትቼ በመካከላችን ድንጋዩ ላይ አስቀመጥኩት። ወደ ባሕሩ እያየሁ ጠበቅሁ። ብዙ ጠበቅሁ። ቢመሽም ሌላ የማደርገው አልነበረኝም።

ስዞር ድንጋዩ ባዶ ነበር። ገመዱ ከእጅዎ ተንጠልጥሎ አየሁ። ዝምታዎ ያሳዝነኛል? ሰኞ ሲያስተኙኝ ሐኪሙን ቀልድ ነገርኩት።

አሁን አንድ ነገር ልበልና ላቁም፣ እጄ ደከመ። ሦስት ቀን ሙሉ ውጪ አግዳሚው ወንበር ላይ እንደሚውሉ ነርሷ ነግራኛለች። ከዚያ ወንበር እስከ አልጋዬ ሃያ እርምጃ ነው አለችኝ። ሾርባውን ላይሳኒ ታስገባለች፣ ሳህኑን ላይሳኒ ታወጣለች። ጠረጴዛዎ ይያዝብዎታል። ይመለሱ እንጂ። ይህን የምለው እንዲሄዱ ፈልጌ አይደለም።

አሚኒያሲ


ከአግዳሚው ወንበር፣ እሁድ፣ አፕሪል 15 ቀን 1984

ጋሼ፤

ጠረጴዛዬ ትናንት ተይዛለች። ከሲጋቶካ የመጣች ሴት ሐብሐብ ደርድራባታለች። ሱክዋቲ ልትጣላልኝ ነበር፣ ተዪው አልኳት። ቁጭ ብዬ ሳስበው አልተናደድኩም፤ እንቅልፍ ነው የመጣብኝ። ምን እንደምሠራ አላውቅም፣ ዛሬ አላስብበትም።

ላይሳኒ በትናንቱ ጀልባ ሄደች። ባሕሩ ሳይናወጥ ናማውን ልልቀም አለች፤ ነገሩ ግን ያ ብቻ አይመስለኝም። ስትሳፈር "እኔ አፋችሁ መሆን ሰለቸኝ፣ ተቻቻሉ" አለችኝ። ልሰድባት አፌን ስከፍት ጀልባው ተነሣ።

ስለዚህ ዛሬ ሾርባውን የሚያስገባ ሰው የለም። ነርሷን ለመንኳት፤ እኔ ተላላኪ አይደለሁም፣ በሩ ክፍት ነው አለችኝ። ሾርባው እየቀዘቀዘ ነው። ይህን ወረቀትም የሚያደርስልኝ አጣሁ። ጽፌ እንደጨረስኩ ራሴ ይዤው እገባለሁ፤ ፊትዎን ማየት ቢያቅተኝ ወረቀቱን እያየሁ አነብልዎታለሁ። እናታችን ብትሰማ ምን ትል ነበር እያልኩ ነው ሌሊቱን ያደርኩት። አታውቅም፣ ሞታለች። እኔና እርስዎ ነን የቀረነው።

እንዳይደነግጡ። እንዳይነሡም፤ መነሣት አይችሉም። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ይሆናል፤ ገበያ ስጮህ የዋልኩበት ነው ይበሉ። ጥርሱ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ አልመልሰውም። ተቀብያለሁ። ይህን በቃሌ ልለው ፈልጌ ነው እስካሁን በጽሑፍ ያላልኩት።

አሁን ደግሞ እኔ እጠይቃለሁ። እናታችን ያረፈች ማታ እሷ ዘንድ የነበሩት እርስዎ ብቻ ነበሩ። በመጨረሻ ምን እንዳለች፣ እኔን ጠርታኝ እንደሆነ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም፤ እኔም በማን በኩል እንደምጠይቅ አላወቅሁም። ይንገሩኝ ጋሼ። እርሳስና ወረቀት አይፈልጉ። አልጋዎ አጠገብ ተቀምጫለሁ፣ እሰማዎታለሁ።